ተመልሶ ያልታየ ቅጂ፦ የዲስክ ምስልና የአንድ ቤተ ሙከራ ክረምት

በመስከረም የመጀመሪያው ሳምንት፣ ግቢው ገና በአዲስ ገቢ ተማሪዎች ሳይሞላ፣ የውኃ ጥራት ቤተ ሙከራው በር ከወትሮው ቀደም ብሎ ተከፈተ። የማስተርስ ተማሪዋ የክረምቱን የመጨረሻ ንባቦች ከኮምፒውተሩ ወስዳ የመመረቂያ ጽሑፏን አራተኛ ምዕራፍ ልትጀምር ነበር የመጣችው። ኮምፒውተሩን አበራችው። የአምራቹ ምልክት ታየ፤ ጠፋ፤ ከዚያም በጥቁሩ ማያ ላይ የሚነሣበት ዲስክ እንዳላገኘ የሚናገር አንድ መስመር ብቻ ቀረ። አጥፍታ ደግማ አበራችው፤ ያው መስመር ነው። ጆሮዋን ወደ ሣጥኑ ስታስጠጋ ከውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። ጥቂት ቆይቶ እርሱም ዝም አለ።

ኮምፒውተሩ ለዓይን የሚሞላ ዕቃ አልነበረም። ዊንዶውስ 7 የተጫነበት፣ ቀለሙ የወየበ፣ ሌላ ቢሮ ቢሆን ኖሮ ከብዙ ዓመት በፊት ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት የሚወርድ ነበር። ዋጋው የሚለካው በጎኑ በተቀመጠው መሣሪያ ነው። ከጀርባው በወጣ የሲሪያል ገመድ ከአንድ ዩቪ ቪዚብል ስፔክትሮፎቶሜትር ጋር ተያይዟል፤ መሣሪያውን የሚያዘው ሶፍትዌር ደግሞ ከዚህ ኮምፒውተር በቀር በየትም የለም። የመጫኛው ሲዲ ተጭሮ መነበብ ካቆመ ቆይቷል፤ መሣሪያውን ያቀረበው ወኪልም ሥራውን ትቷል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ካልተነሣ፣ ምንም ያልጎደለው መሣሪያ አብሮት ሥራ ይፈታል።

ተማሪዋ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከአንድ ወንዝ ስድስት ቦታዎች በሳምንት ሁለት ጊዜ ውኃ እየቀዳች የናይትሬት መጠኑን ስትለካ ከርማለች። ጥያቄዋ ዝናቡ እየበረታ ሲሄድ ከእርሻ መሬት ታጥቦ ወደ ወንዙ የሚገባው ማዳበሪያ እንዴት ይለዋወጣል የሚል ነው። የውኃ ናሙና እንደ አፈር ደርቆ በከረጢት አይቀመጥም፤ ሲዘገይ በውስጡ ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ናይትሬቱን ይለውጡታል። ስለዚህ ቶሎ ይለካል፣ ከዚያም ይደፋል። የነሐሴ ውኃ በመስከረም አይቀዳም።

የቤተ ሙከራው ባለሙያ የዓመት ፈቃዳቸውን ጨርሰው በዚያው ዕለት ነበር ወደ ሥራ የተመለሱት። ገና ከበሩ እንደገቡ የተማሪዋ ፊት ነገሩን ነገራቸው።

«ጋሼ፣ ቅጂ አለው አይደል?» አለቻቸው።

«ቅጂስ አለው ልጄ» አሉ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ። «ሲመለስ ግን አላየሁትም።»

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ሳምንታት የሆነው ሁሉ በዚህች አጭር መልስ ውስጥ ነበር። ቅጂ መኖሩና ቅጂው ሥራውን መሥራቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት የሚታወቀውም ብዙ ጊዜ ዲስክ በሚሞትበት ቀን ነው።

ፋይል መገልበጥና ዲስክን እንዳለ መቅረጽ

ባለሙያው ሁለት ዓይነት ቅጂ ነበራቸው። አንደኛው ዘወትር ዓርብ ከሰዓት በኋላ የውጤት ፋይሎች ያሉበትን ፎልደር ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ነው። ሁለተኛው ከአሥራ አራት ወር በፊት የወሰዱት የመላው ዲስክ ምስል ነው። የመጀመሪያው ሥራን ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ሥራው የሚሠራበትን ቤት ይጠብቃል።

ኮምፒውተር የፋይሎች ድምር ብቻ አይደለም። በዚህ ዓይነቱ የቆየ ዲስክ ላይ የመጀመሪያው ሴክተር 512 ባይት ይይዛል። ከእነዚህ ውስጥ 446ቱ ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ ለሚሠራው አጭር ፕሮግራም የተመደቡ ናቸው፤ 64ቱ ዲስኩ እንዴት እንደተከፈለ የሚናገረው ሰንጠረዥ ናቸው፤ የቀሩት 2 ደግሞ ሴክተሩ ለማስነሻ የሚያገለግል መሆኑን የሚመሰክር ምልክት ናቸው። ይህ ሴክተር የፋይል ስም የለውም፤ በየትኛውም ፎልደር ውስጥ አይታይም፤ ፋይል የሚገለብጥ ሰው ፈጽሞ አያገኘውም። ከእርሱ ቀጥሎ ዊንዶውስ 7 ለራሱ የሚያስቀምጠው 100 ሜጋባይት የሚያህል ስውር ክፍልፍል አለ። የሶፍትዌሩ ፈቃድ፣ የሲሪያል ወደቡ ቅንብር፣ በየጊዜው የተጨመሩ ድራይቨሮች፣ ሁሉም በየሥርቻው ተበትነው ይኖራሉ። የሶፍትዌሩን ፎልደር ብቻ ገልብጦ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መውሰድ የበርን እጀታ ነቅሎ ቤት ወሰድኩ እንደ ማለት ነው።

ልዩነቱን በብራና መጻሕፍት ታሪክ ማየት ይቻላል። ቁም ጸሐፊ መጽሐፍ ሲገለብጥ የሚያስተላልፈው በዋናነት ንባቡን ነው። የብራናውን ቀዳዳ፣ በኅዳጉ በሌላ እጅ የተጨመረውን ማስታወሻ፣ ባዶ የተተወውን ቅጠል ሊያልፈው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ግን ሌላ መንገድ ተከተለ። ከየገዳማቱና ከየአድባራቱ የተሰበሰቡ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት ገጽ በገጽ ፎቶ ተነሡ፤ የፊልሞቹ ቅጂ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም እዚያ ሆነው ለብዙ ዓመታት የካታሎጉን ሥራ ሠሩ። ፊልሙ ንባቡን ከነገጹ፣ ገጹንም ከነጉዳቱ ያሳያል። የዲስክ ምስልም እንዲሁ ነው፤ የቱ ይጠቅማል፣ የቱ አይጠቅምም ብሎ አይመርጥም፤ ዲስኩን በዚያች ሰዓት እንዳለ ይይዘዋል።

ንጽጽሩ ግን አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ማይክሮፊልም በማንበቢያ መሣሪያ ላይ ሲደረግ በዚያው ይነበባል፤ ደህና መሆኑም ወዲያው ይታወቃል። ከዲስክ ምስል ውስጥ ነጠላ ፋይሎችን ከፍቶ ማውጣት ቢቻልም፣ የተቀረጸበት ዋና ምክንያት፣ ማለትም የሥርዓቱ መነሣት፣ ምስሉ ወደ እውነተኛ ዲስክ እስኪመለስና ዲስኩ ከእውነተኛ ኮምፒውተር ጋር እስኪስማማ ድረስ የተስፋ ቃል ብቻ ነው።

ምስሉ እንዴት እንደተወሰደ

ዲስክን ሙሉ በሙሉ የመቅዳት ሐሳብ አዲስ አይደለም። በዩኒክስ ሥርዓተ ክወና ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚታወቀው ዲዲ የተሰኘ ትእዛዝ ዲስክን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ባይት አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ያኖራል። ታማኝነቱ ፍጹም ነው፤ ጉድለቱም ከዚያው ይመነጫል። ባዶውንም ሙሉውንም እኩል ስለሚገለብጥ፣ 500 ጊጋባይት የሆነ ዲስክ የያዘው 60 ጊጋባይት ብቻ ቢሆንም ቅጂው 500 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1995 መሪ ሃዛርድ በኒውዚላንድ ኦክላንድ ከተማ የሠራው ጎስት የተባለ ፕሮግራም ዲስክን ወደ ምስል ፋይል ለውጦ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የማኖርን ልማድ በየመሥሪያ ቤቱ አስፋፋ። ሲማንቴክ የተባለው ድርጅት በ1998 ገዛው፤ በ2013 ደግሞ ኖርተን ጎስት በሚል ስም መሸጡን አቆመ።

ባለሙያው የተጠቀሙት ታይዋን በሚገኘው ብሔራዊ የከፍተኛ አቅም ኮምፒውቲንግ ማዕከል የተዘጋጀውን ክሎንዚላ የተባለ ነጻ ሶፍትዌር ነው። ክሎንዚላ ከፍላሽ ላይ ይነሣል፤ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ዊንዶውስ ተኝቶ ሳለ ሥራውን ይሠራል። ይህ መተኛት ትርጉም አለው። እየሠራ ያለ ሥርዓት በየቅጽበቱ ፋይል ይከፍታል፣ ይጽፋል፣ ይዘጋል፤ በዚያ መካከል የሚወሰድ ቅጂ መጀመሪያውና መጨረሻው የተለያየ ሰዓት ሊያሳይ ይችላል። ዊንዶውስ ይህን ለማስቀረት የዲስኩን ይዘት በአንዲት ቅጽበት የሚያጸና የጥላ ቅጂ የሚባል አገልግሎት አለው፤ ዲስኩን ከውጭ በተነሣ ሥርዓት መቅዳት ግን ከሁሉ ይቀላል። ክሎንዚላ የፋይል ሥርዓቱን አደረጃጀት ስለሚያውቅ የሚያነበው የተያዙትን ብሎኮች ብቻ ነው፤ ያነበበውንም አመቅ አድርጎ ያስቀምጣል። የማያውቀው የፋይል ሥርዓት ሲገጥመው ወደ ጥንቱ ዲዲ ይመለሳል።

በዚያ ቀን ሥራው ሁሉ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ወሰደ። በመጨረሻ ፕሮግራሙ ምስሉ ሊመለስ የሚችል መሆኑን ልመርምር ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ባለሙያው እሺ አሉት፤ መረመረ፤ ደህና ነው አለ። በውጫዊው ዲስክ ጀርባ ላይ በፕላስተር ቀኑን ጽፈው በመሳቢያ ቆለፉበት። ለአሥራ አራት ወር ያ መሳቢያ የቤተ ሙከራው የልብ ማረፊያ ሆኖ ቆየ። ምርመራው ግን ያረጋገጠው የምስሉ ፋይሎች ያልተበላሹ መሆናቸውን ብቻ ነው። ዘሩ እንዳልነቀዘ ነገራቸው፤ መብቀሉን አልነገራቸውም።

ሦስት እንቅፋቶች

የመጀመሪያው እንቅፋት የመጠን ነበር። የሞተው ሃርድ ዲስክ 500 ጊጋባይት ነበር፤ ከገበያ የተገዛው አዲሱ ኤስኤስዲ ደግሞ 480 ጊጋባይት ነው። በምስሉ ውስጥ ያለው ይዘት ከ60 ጊጋባይት ብዙም ስለማይበልጥ የሚጠብ አልመሰለም። ክሎንዚላ ግን አልተቀበለም። ምስሉ ይዘትን ብቻ ሳይሆን የክፍልፍሎቹን ወሰንም ይዟል፤ ወሰኑ ደግሞ ከአዲሱ ዲስክ ጫፍ አልፎ ይወድቃል። ምስሉ ከመወሰዱ በፊት ክፍልፍሉን ማጥበብ ይቻል ነበር፤ አሁን ግን የሚጠበው ዲስክ የለም። በላቁ አማራጮች ገብቶ ማስገደድ ቢኖርም፣ ባለሙያው ባላቸው አንድ ቅጂ ላይ ያልለመዱትን ነገር ለመሞከር አልደፈሩም። ከጎረቤት ትምህርት ክፍል 1 ቴራባይት ዲስክ በውሰት እስኪመጣ ሦስት ቀን አለፈ።

ሁለተኛው እንቅፋት የከፋ ነበር። ምስሉ በሰፊው ዲስክ ላይ ያለ አንድ ስሕተት ተመለሰ። ኮምፒውተሩ ተነሣ፤ የዊንዶውስ ምልክት መታየት ጀመረ፤ ተማሪዋ ወንበሯን ሳበች። ወዲያው ሰማያዊ ማያ ብልጭ አለና ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ እንደገና ተነሣ። አሁንም ሰማያዊ። ምስሉ ሁለተኛ ጊዜ ተመለሰ፤ ውጤቱ አልተለወጠም። ሁለት ቀን ሙሉ የተጠረጠረው ምስሉ ነበር።

ነገሩን የፈታው ሰዓት ነው። ባለሙያው ወደ ባዮስ ቅንብር ገብተው ሳለ የማያው ጥግ የሚያሳየው ዓመት 2009 መሆኑን አዩ። የእናት ሰሌዳው ሰዓት ወደ ኋላ የሚሄደው ሳንቲም የምታህለው ባትሪ ስታልቅ ነው። ባትሪዋ ካለቀች ደግሞ፣ ኮምፒውተሩ ለምርመራ ከኤሌክትሪክ በተነቀለ ጊዜ የጠፋው ሰዓቱ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ የባዮሱ ቅንብር ሁሉ ወደ ፋብሪካው ምርጫ ተመልሷል። ዊንዶውሱ ከዓመታት በፊት የተጫነው የዲስክ መቆጣጠሪያው አይዲኢ በሚባለው የቆየ ስልት እንዲሠራ ተደርጎ ነበር፤ የፋብሪካው ምርጫ ግን ኤኤችሲአይ የሚባለው አዲሱ ስልት ነው። ዊንዶውስ 7 በአንደኛው ስልት ከተጫነ የሌላውን ድራይቨር ሲነሣ አይጭንም፤ የተቀመጠበትን ዲስክ በራሱ ማየት ይሳነዋል። ባለሙያው ቅንብሩን ቀየሩት፤ ባትሪዋን ለወጡ። ኮምፒውተሩ እንደ ቀድሞው ተነሣ። ምስሉ ከመጀመሪያውም ደህና ነበር። ያልተቀዳው ከዲስኩ ውጭ ያለው ነበር፤ በእናት ሰሌዳው ላይ የምትኖርን አንዲት ምርጫ የትኛውም የዲስክ ምስል አይዛትም።

ሦስተኛው እንቅፋት ዝም ያለ ስለነበር ከሁለቱ ይልቅ አደገኛ ነበር። የተመለሰው ኮምፒውተር የአሥራ አራት ወር በፊቱ ኮምፒውተር ነው። በእነዚያ ወራት መካከል የስፔክትሮፎቶሜትሩ የዶይተሪየም መብራት ተቀይሮ መሣሪያው እንደገና ተስተካክሏል፤ አዲስ የመለኪያ መስመርም ተሠርቷል። በምስሉ ውስጥ ያለው የአሮጌው መብራት መስመር ነው። ሶፍትዌሩ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ቁጥር ያወጣል፤ ቁጥሩም እውነት ይመስላል። ባለሙያው በመዝገባቸው ላይ መብራቱ የተቀየረበትን ቀን ባይጽፉት ኖሮ፣ ከዚያ ወዲያ በዚያ መሣሪያ የሚለካ ሁሉ በተሳሳተ መስመር ይተረጎም ነበር። ምስል ዲስክን ብቻ ሳይሆን ጊዜንም ይመልሳል። ለሚመረምር ሰው ይህ ጸጋም አደጋም ነው።

ያልተመለሰው

ሥርዓቱ ከምስሉ፣ የውጤት ፋይሎቹ ከዓርቡ ቅጂ ተመለሱ። የሰኔና የሐምሌ ንባቦች፣ የነሐሴም የመጀመሪያው ሳምንት ሙሉ ነበሩ። የቀሩት ሦስት የነሐሴ ሳምንታት ግን በሁለቱም ቅጂዎች ውስጥ አልነበሩም። ባለሙያው የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ለተማሪዋ ትተው ፈቃድ የወጡት በዚያ ጊዜ ነው፤ የዓርቡ ቅጂ ደግሞ የእርሳቸው ልማድ እንጂ የቤተ ሙከራው ሥርዓት አልነበረም። ልማዱ ከባለቤቱ ጋር ፈቃድ ወጣ። ከሞተው ዲስክ ላይ የሚነበበውን ያህል ለማንበብ ተሞከረ፤ የተበላሹ ዲስኮችን በትዕግሥት የሚያነብ ፕሮግራምም ቀረበ፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ ዲስኩ መኖሩን እንኳ አያውቅም ነበር። አቧራ በሌለበት ክፍል ዲስኩን ከፍቶ የማንበብ አገልግሎት ከአንድ ተማሪ የምርምር በጀት በላይ ነው።

አንድ ሦስተኛ ምስክር ግን ነበር። ባለሙያው ማንም ተማሪ የለካውን በቤተ ሙከራው ደብተር ላይ በእጁ እንዲጽፍ ያስገድዱ ነበር፤ ተማሪዎችም በዚህ ያጉረመርማሉ። የነሐሴ ገጾች ተገለጡ። ሠላሳ ስድስቱም ናሙናዎች ተጽፈዋል፤ ቀኑ አለ፣ ቦታው አለ፣ በ220 ናኖሜትር የተነበበው ቁጥር አለ። የ275 ናኖሜትሩ ዓምድ ግን ባዶ ነው። በዓምዱ አናት ላይ በተማሪዋ የራሷ እጅ «ኮምፒውተሩ ላይ አለ» ተብሎ ተጽፏል።

የጎደለችው ዓምድ ትንሽ አይደለችም። ናይትሬት በ220 ናኖሜትር ብርሃን ይመጥጣል፤ በውኃው ውስጥ የሟሟ የቅጠልና የሥር ብስባሽም በዚያው ይመጥጣል። ናይትሬት በማይመጥጥበት በ275 ናኖሜትር ሁለተኛ ንባብ የሚወሰደው ለዚህ ነው፤ የዚያ ንባብ እጥፍ ከመጀመሪያው ይቀነሳል። ዝናብ በሚበረታበት ጊዜ ወንዙ የሚያወርደው ብስባሽ ይበዛል። ስለዚህ ማስተካከያው ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው በእነዚያው በጠፉት ሳምንታት ነው።

የሐምሌን ጥምርታ ለነሐሴ ማዋስ ይቻል ነበር። ተማሪዋ አንድ ምሽት በወረቀት ላይ ሞከረችው፤ ነጥቦቹ ባማረ መስመር ላይ ተደረደሩ፤ ሥዕሉም ሙሉ ሆነ። በማግሥቱ ለአማካሪዋ ስታሳይ ግን በመጀመሪያ የተናገረችው ስለ ሥዕሉ ሳይሆን ስለ ባዶዋ ዓምድ ነበር። አማካሪዋ ወረቀቱን አጠፉትና፣ «ወንዙ በነሐሴ ምን እንዳለ አናውቅም፤ የማናውቀውን በሐምሌ አፍ አናናግረው» አሉ። በመመረቂያ ጽሑፉ ላይ የነሐሴ የመጨረሻ ሦስት ሳምንታት ባዶ ተተዉ፤ ከሥራቸውም ምክንያቱን የሚገልጽ አንድ አንቀጽ ተጻፈ። ጥናቱ ዝናቡ ጫፍ ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል ለሚለው ጥያቄ መልስ ሳይሰጥ ተጠናቀቀ።

ከአንድ ቤተ ሙከራ ባሻገር

እንዲህ ያለው ነገር የሚደርሰው አቅም ባነሰበት ቦታ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የፕሮግራም ሠሪዎች ሥራቸውን የሚያኖሩበት ጊትላብ የተባለው አገልግሎት ተመሳሳይ ፈተና ገጠመው። አንድ መሐንዲስ በምሽት ችግር ሲፈታ ቆይቶ፣ በሁለተኛው ሰርቨር ላይ ሊያጠፋ ያሰበውን የመረጃ ቋት ፎልደር በዋናው ላይ አጠፋው። ትእዛዙን ሲያቆመው ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ነበር። ድርጅቱ ከአንድ በላይ የመጠባበቂያ ስልት ነበረው፤ በየዕለቱ መወሰድ የነበረበት ቅጂ ግን፣ የሚቀዳው ፕሮግራምና የመረጃ ቋቱ ሥሪት ስላልተጣጣመ፣ ሳይወሰድ ቆይቷል። ስሕተቱን የሚያሳውቁት ኢሜይሎችም በመንገድ ተከልክለው ማንም ዘንድ አልደረሱም። ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት ያህል በፊት አንድ መሐንዲስ ለሌላ ሥራ ብሎ በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። ድርጅቱ የሆነውን ሁሉ ሳይሸሽግ አሳተመ፤ ቅጂዎቹ መመለሳቸውን ዘወትር የሚያረጋግጥ ኃላፊ እንዳልነበረም አመነ።

በሁለቱ መካከል ያለው የሀብት ልዩነት ሰማይና ምድር ነው፤ ጉድለቱ ግን አንድ ነው። ሁለቱም ዘንድ ቅጂ የመውሰድ ሥራ ነበር፤ ቅጂን የመመለስ ሥራ አልነበረም። ቅጂ መውሰድ በየቀኑ የሚታይ፣ የሚያረካ፣ ምልክት የሚደረግበት ተግባር ነው። መመለስ ግን ጥፋት እስኪመጣ ድረስ የማንም ሥራ አይደለም፤ በሚመጣበት ቀን ደግሞ ሰዎች በድንጋጤ ውስጥ ሆነው፣ ከአንድ ቅጂ ጋር ብቻ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያደርጉት ነገር ይሆናል።

አዲሱ ልማድ

አበው ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። ቤተ ሙከራው ቅጠሉን የያዘው አንድ ጊዜ ከተቃጠለ በኋላ ቢሆንም፣ ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ተለውጧል። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ፒተር ክሮግ ያስለመደው የሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ደንብ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማኖሪያ፣ አንደኛው ከሕንፃው ውጭ። ዲስኩ ሲቀዳ የባዮሱ ገጾች በስልክ ፎቶ ተነሥተው ከምስሉ ጋር ይቀመጣሉ፤ የዲስኩ ትክክለኛ መጠንም በባይት ይጻፋል። ውጫዊው ዲስክ ሥራው እንዳለቀ ይነቀላል፤ ተሰክቶ የሚቀር ቅጂ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ሲመጣ አብሮ ይቆለፋልና። ምስሉ የሚወሰደው ኮምፒውተሩ ከቫይረስ ከጸዳ በኋላ ነው፤ ምስል ጤናን ብቻ ሳይሆን በሽታንም ያቆያል። መብራት በተቀየረ፣ ሶፍትዌር በታደሰ ጊዜ አዲስ ምስል ይወሰዳል፤ አሮጌው ግን ወዲያው አይጠፋም። ዲስክን ሙሉ በሙሉ የሚይዝ ቅጂ የይለፍ ቃላትንና የሰዎችን ምስጢርም ስለሚይዝ በሰዎች ላይ ምርምር ለሚያደርጉ ክፍሎች ምስሉ በቁልፍ የተመሰጠረ እንዲሆን ተወስኗል። የዓርቡ ቅጂ አሁን የሁለት ሰዎች ኃላፊነት ነው፤ አንደኛው ፈቃድ ሲወጣ ሌላው አይወጣም።

ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን በመዝገቡ ላይ የተጨመረች አንዲት ዓምድ ናት። ቀድሞ መዝገቡ ምስሉ የተወሰደበትን ቀንና የወሰደውን ሰው ስም ብቻ ይይዝ ነበር። አሁን በየመንፈቀ ዓመቱ ምስሉ በትርፍ ዲስክ ላይ ይመለሳል፤ ዋናው ዲስክ ይነቀልና ትርፉ በቦታው ይገባል፤ ኮምፒውተሩ ተነሥቶ መሣሪያውን እስኪያዝ ድረስ ሥራው እንዳለቀ አይቆጠርም።

የመጀመሪያው ሙከራ የተደረገው በታኅሣሥ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። ተማሪዋ መመረቂያ ጽሑፏን አስገብታ የመከላከያ ቀኗን ትጠብቅ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ መጣች። ባለሙያው ማብሪያውን ተጫኑ። ዊንዶውሱ ተነሣ፤ ሶፍትዌሩ ተከፈተ፤ የስፔክትሮፎቶሜትሩ መብራት ሞቀ። የተጣራ ውኃ የያዘችውን ብርጭቆ አስገብተው በ220 አነበቡ፣ ከዚያም በ275። ሁለቱም ዜሮ ሰጡ።

«ጻፊው» አሉና መዝገቡን ወደ እርሷ ገፉት።

ሁለቱንም ዜሮዎች በየዓምዳቸው ጻፈች። ከዚያም በአዲሷ ዓምድ ውስጥ ቀኑን አስቀድማ፣ «ተመልሶ ታይቷል» ብላ ፈረመች።